መኪናው ከፍ ሲል ወገብ እንዳይቀጣ፦ ላንድክሩዘር፣ ፕራዶና ሃይሉክስ ከፍ ለሚያስደርግ የድሬና የሐረር ሰው

«አቦ፣ አራት ጣት ከፍ አድርግልኝ!» ድሬ፣ ሳቢያን ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ያሳለፈ ሰው ይህችን ሳይሰማ አይነሳም። ሜካኒኩም ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ሞላ ይቀየራል፣ ወይ ከሞላው ላይ ወፍራም ማስነሻ ይገባል፣ መኪናው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል፣ ባለቤቱም ከዚራን አንድ ዙር ዞሮ ፎቶ ይነሳል። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ ይመጣል። «ይነጥራል»፣ «መሪው አልያዝ አለኝ»፣ «ወገቤን ፈጀው»።

ተመልሰው ከመጡት አንዱ እኔ ነኝ። ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ አለችኝ። ከድሬ ወደ ሽንሌ ገጠር፣ ሲያሻ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ወደ ሐረር፣ ባቢሌና ፈዲስ እመላለስባታለሁ። በአንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቆየን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አስደረግኳት። በሳምንቱ ከሐረር ስመለስ ደንገጎን ቁልቁል ጀመርኩ፤ የመጀመሪያውን ጥምዝ ጨርሼ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው እንደ ወትሮው ወደ መሃል አልተመለሰም። እንደታጠፈ ቀረ። በእጄ መለስኩት፣ አልፎ ወደ ሌላው ወገን ሄደ። ከኋላዬ ጫት የጫነ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ነው፤ የአወዳይ ጫት ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መኪና ከፍ ማድረግ ሞላ መቀየር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ከአንድ አዛውንት ሜካኒክ ጋር የተሠራውን አፍርሰን ከመጀመሪያው ጀመርን። ከታች ያለው ቅደም ተከተል የእሳቸው ነው። ደረጃ አትዝለል፤ ብዙው ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ መኪናውን ከፍ ማድረግ እንደማያስፈልገው ይገባዋል።

ደረጃ 1፦ ከሥር ገብተህ እይ

ካርቶን አንጥፈህ ከሥር ግባ። ከማንኛውም ወጪ በፊት መኪናህ በምን ላይ እንደቆመ በዓይንህ ማየት አለብህ፤ ለጎረቤትህ የሠራ ነገር ላንተ ላይሠራ ይችላል።

ከፊት ከጎማ እስከ ጎማ የሚሄድ አንድ ወጥ አክሰል ካየህ መኪናህ ድፍን አክሰል ነው። ላንድክሩዘር 80 እና 105፣ ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 እና ዋይ 61 ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሰል በሞላ ናቸው። የ70 ቤተሰብ የሆኑት 76፣ 78 እና 79 እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ ዝርግ የብረት ስፕሪንግ) ነው ያላቸው። ከዚያ በፊት የነበረው 75 ግን ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ነው።

የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክንድ ላይ ሆነው፣ ሾኩ በሞላው መሃል ካለፈ ፕራዶ 90፣ 120 ወይም 150፣ አለዚያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የወጣ ሃይሉክስ ነህ። ሞላ የሚባል ነገር ከፊት ጠፍቶ በሻሲው ርዝመት ወደ ኋላ የሚሄድ ወፍራም የብረት ዘንግ ካየህ ቶርሽን ባር ነው፤ ላንድክሩዘር 100ና አንዳንዶቹ የድሮ ፎር ባይ ፎር ሃይሉክሶች እንዲህ ናቸው።

ራቭፎርና የመሳሰሉትን የያዝክ ወዳጄ፣ ላንተ መልሱ አጭር ነው፦ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር፣ ጥሩ ጎማ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ስትሄድ ጎማውን የሚያዞረው የፊት አክሰል መገጣጠሚያ ይጮህብሃል።

ደረጃ 2፦ ለካና ጻፍ

ደልዳላ ቦታ ቁም። ነዳጅ ሙላ፣ ሁልጊዜ የምትጭነውን ጫን፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክል። ከዚያ ከቸርኬው እምብርት ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ጎማ ለካ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማው ማለቅና ንፋስ ያሳስትሃል።

የኔዋ በሹፌሩ በኩል ከሌላው ጎን 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ብላ ተገኘች። ይህን ሳያውቁ ግራና ቀኝ እኩል ሞላ ቢያስገቡ ከፍ ብላም እንደዘመመች ትቀራለች። አንዳንድ የሞላ ሻጮች ለሹፌሩ ጎን ረዘም ያለ ሞላ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ግራና ቀኝ ብለው ምልክት ያደርጉበታል፣ ጋራዡ ደግሞ ምልክቱን ሳያይ ያቀያይረዋል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈህ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጥ። በኋላ «ከፍ ብሏል፣ አላለም» የሚል ክርክር ሲመጣ ዳኛህ ወረቀቱ ነው።

ደረጃ 3፦ የጎደለው ከፍታ ነው ወይስ ሌላ?

እዚህ ላይ ቆይ። በኔ አስተያየት ገንዘብህ የሚተርፈው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ንፋስ። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲልህ ከልማድ «40» ትላለህ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥተህ «ይህ መኪና ያንገጫግጫል» ትላለህ። ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ የሚለካውም ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ በማለዳ ነው። ድሬ ከቀትር በኋላ፣ ያውም ከደንገጎ ወርደህ የለካኸው ንፋስ ውሸት ነው። የቆዩ ሹፌሮች አንድ ጥሩ ዘዴ አላቸው፦ ጠዋት ለክተህ ውጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነድተህ መልሰህ ለካ። ወደ 4 ፒኤስአይ (የጎሚስታው መለኪያ ቁጥር) ከጨመረ ልክ ነህ። ብዙ ከዘለለ ንፋሱ አንሶ ጎማው እየተሸበሸበ ሞቋል ማለት ነው፣ ጨምር። ምንም ካልነቃነቀው በዝቷል፣ ቀንስ።

ጠጠር መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ቁጥር 6 ወይም 8 ፒኤስአይ ቀንሰህ ፍጥነትህንም ስትቀንስ ልዩነቱ መኪና የቀየርክ ያህል ነው። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወይም ሽንሌ ሜዳ ላይ እስከ 18 አካባቢ ይወረዳል። ግን ስትመለስ ሳትሞላ አስፋልት ላይ እንዳትሮጥ፤ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል ወይም በሙቀት ይፈነዳል። ትንሽ የንፋስ መሙያ ሳልይዝ ከከተማ አልወጣም፤ ከአንድ የሞላ ዋጋ በታች ነው፣ ጥቅሙ ግን ከአራቱ ሞላ ይበልጣል።

ቀጥሎ ሾክ። ሞላ መኪናውን ይሸከማል፤ ሾክ ደግሞ ሞላውን ያስታግሳል። ሞላው ተጨምቆ ያጠራቀመውን ጉልበት ሾኩ ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጨርሰዋል። ሾክ ሲሞት ሞላው የሚያስቆመው ያጣል፤ መኪናው አንዴ ዘሎ ሦስቴ ይነጥራል። መከለያውን ተጭኖ ማወዛወዝ የሚባለው ፈተና ለትንሽ መኪና ይሆናል፤ ለላንድክሩዘር ብዙ አይነግርም።

አዛውንቱ ያሳዩኝ ፈተና ይሻላል። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ጠጠር መንገድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ነዳን፣ አቆምን፤ «ልጄ፣ በእጅህ ጀርባ ንካ» አሉኝ። የፊት ግራው አቃጠለኝ፣ የፊት ቀኙም፣ የኋላ ግራውም። የኋላ ቀኙን ስነካው እንደ ጥላ ድንጋይ ቀዝቅዟል። «ሳይሠራ ነው የዋለው» አሉ። ሙቀቱ የሥራው ምስክር ነው፤ የማይሞቅ ሾክ የሞተ ሾክ ነው። በገላው ላይ ዘይት ተሞጅሮ አቧራ ጠጥቶ ጥቁር ጭቃ የመሰለውም እንዲሁ አልቆለታል። (እጅህን ስትሰድ ከጭስ ማውጫው ራቅ።)

ሦስተኛው ቡሽና ቴስቲና፣ ማለትም በብረቶቹ መገናኛ ያለው ላስቲክና የመሪው መገጣጠሚያ። ጎማውን በክሪክ አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ። «ቋ» የሚል ነገር ካለ ከየት እንደሆነ ፈልግ። ሽርፍራፊ የሆነ ቡሽ ይዞ መኪና ከፍ ማድረግ የጎበጠ ምሰሶ ላይ ፎቅ መጨመር ነው።

ከነዚህ ከሦስቱ በኋላ መኪናህ ደስ ብሎህ ከተሳፈርክባት እዚህ አቁም። ሐረር ውስጥ የቀሩትን ፔጆ 404 ታክሲዎች ተመልከት። ከፍ ያሉ አይደሉም፣ ግን ጎማቸው ረጅም መንገድ ይወጣል ይወርዳል፣ ሞላቸውም ለስላሳ ነው። ምቾት የሚገኘው ጎማው በነጻነት ከሚንቀሳቀስበት ርቀት ነው፤ አካሉ ከመሬት ስለራቀ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ለካው።

ደረጃ 4፦ ጭነትህን አስላ፣ ከዚያ ሞላ ምረጥ

ሞላ ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ያነሳል?» ሳይሆን «ሁልጊዜ ስንት ኪሎ ትይዛለህ?» ነው። «ሁልጊዜ» የምትለዋን አስምርባት። በዓመት አንዴ ለሠርግ 10 ሰው ስለምትጭን ለ10 ሰው የተሠራ ሞላ አትግዛ። ቀሪውን ዓመት ባዶ መኪና ይዘህ እንደ በርጩማ ላይ ትቀመጣለህ።

ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ፣ ተጨማሪ ጎማ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ከላይ የብረት መደርደሪያ፣ ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ፦ ሳታስተውለው ከ200 ኪሎ በላይ ጨምረሃል። ይህ ክብደት ከኋላ ብቻ ከሆነ የኋላ ሞላ ብቻ ነው የሚጠነክረው። ከፊት የብረት መከላከያና ዊንች (የገመድ መጎተቻ) ከሌለህ የፊት ሞላ «ከባድ» የሚለውን አትቀበል። የኔ ጋራዥ ያደረገው ይህን ነበር፤ ዊንች ለሌላት መኪና የዊንች ሞላ።

ስለ ባሌስትራ አንድ ቃል። ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች «አስመታዋለሁ» ይላሉ፣ ማለትም ያረጀውን ባሌስትራ በመዶሻ እንደገና ማጉበጥ። ሳይሞቅ የተመታው ጥቂት ወር ቆይቶ ይረግባል፤ በእሳት የተመታው ደግሞ ብረቱ የነበረውን የምንጭነት ባሕርይ ያጣል። አንድ ወፍራም ብረት መጨመርም እንዲሁ ለከባድ ጭነት እንጂ ለምቾት አይደለም። ገንዘብ ከጠፋ ጠብቅ እንጂ አታስመታ።

ሾኩ ከሞላው ጋር የተዛመደ መሆን አለበት። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሞላ ከድሮው ሾክ ጋር ሲገጠም፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾኩ ቀድሞ ያልቅና ጎማውን በራሱ አንጠልጥሎ ይይዛል። ሾክ ለዚያ አልተሠራም፤ ከላይ ያለው መያዣው ይገነጠላል። «ከፍ ካስደረግኩ ወዲህ ጉድጓድ ስገባ ከላይ ይመታል» የሚል ሰው ካጋጠመህ ሾኩን ጠይቀው።

ደረጃ 5፦ ስንት ከፍታ?

ለኛ መንገድ መልሴ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አለቀ። ከዚያ በታች ቢሆን አልከፋም።

ምክንያቱን ላስረዳ። በድፍን አክሰል መኪና ሞላ ስትቀይር ከፍ የሚለው አካሉ ነው፤ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ድንጋይ የሚመታው እንቁላሉ፣ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር አይጨምርም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በዲያሜትሩ ጭማሪ ግማሽ። 265/70 አር 16 የሚባለው ጎማ ዲያሜትሩ ወደ 777 ሚሊ ሜትር ነው፤ 265/75 አር 16 ደግሞ ወደ 804። ልዩነቱ 27፣ ለዲፈረንሻልህ የሚደርሰው 13 ሚሊ ሜትር፣ ማለት አንዲት ጣት። የፍጥነት መቁጠሪያህም ትንሽ ይዋሻል፦ 80 ሲልህ ወደ 83 እየሄድክ ነው።

ታዲያ ሞላ ለምን? አካሉና የጎማ ቤቱ ከጎማው እንዲርቅ፣ ከፊትና ከኋላ መወጣጫ ላይ እንዳትነካ፣ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ እንዲኖር። ለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ በሄድክ ቁጥር የክብደቱ መሃል ከፍ ይላል፣ በደንገጎ ጥምዝ ላይ የሚሰማህም እሱ ነው። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያወጣ ጠመዝማዛ ዳገት ከፍ ባለ መኪና የሚቀለድበት አይደለም።

ሌላው ስሕተት ውሃ ነው። መኪናው ከፍ ስላለ ደቻቱን በክረምት የሚሻገር ይመስለዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ አሸዋ የነበረ ወንዝ በአንድ ሌሊት ያደረሰውን የጎርፍ ጥፋት ድሬ አልረሳችውም። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ አብዛኛውን መኪና ከመሬት ያነሳል፤ ሞላ መልሕቅ አይደለም።

ደረጃ 6፦ መግጠም

ራስህ ባትሠራውም ቆመህ እይ። አዛውንቱ ካሉት ውስጥ ሁሌ የማስታውሰው «በክሪክ ላይ ያለ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ለልጆቹ አያስብም» ያሉትን ነው። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለማቆም የብረት ማቆሚያ አለ። ከቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አስገባ።

ከፊት ድፍን አክሰል በሞላ ከሆነ እንዲህ ነው። የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለ አላላ። አክሰሉን በክሪክ አንስተህ ማቆሚያዎቹን ከሻሲው ሥር አስቀምጥ፤ ጎማዎቹን አውጣ። የሾኩን የታች ቡሎንና የማረጋጊያ ባሩን መያዣ ፍታ። አሁን አክሰሉን በክሪኩ ቀስ እያልክ አውርድ፣ ዓይንህ ግን የፍሬን ቱቦው ላይ ይሁን። እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ ቁም፤ አክሰሉ በፍሬን ቱቦ አይንጠለጠልም። ቱቦው ማሰሪያው ተፈትቶ ቦታ ካላገኘ ረዘም ያለ ይገዛል። ሞላው ሲላላ አውጣው፣ አዲሱን አስገባ፣ የጠቀለለው ጫፍ ከታችኛው ማስቀመጫ እርከን ላይ በትክክል መቀመጡን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። ካልተቀመጠ በመጀመሪያው ጉድጓድ «ጧ» ብሎ ራሱ ይቀመጣል፣ አንተም ሞተር የወደቀ መስሎህ ትደነግጣለህ።

ከኋላ ባሌስትራ ከሆነ አንድ ጎን በአንድ ጊዜ ሥራ፤ ሁለቱንም ከፈታህ አክሰሉ ይዞርብሃል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ አይመለሱም፣ ተስበዋል፣ አዲስ ይገባል። የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ራስ በአክሰሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን ሳታይ አታጥብቅ። አራቱን ዳዶ በመስቀል እያፈራረቅህ፣ ከእያንዳንዱ የሚወጣው ጥርስ እኩል እየሆነ አጥብቅ። ባሌስትራ ሳይቀየር ሻክሉን፣ ማለትም የባሌስትራውን ጫፍ ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ብረት፣ ብቻ በማርዘም ከፍ የሚያደርጉ አሉ፤ 5 ሳንቲ ሜትር የረዘመ ሻክል የሚሰጥህ 2 ተኩል ብቻ ነው፣ የአክሰሉንም ማዕዘን ያዛባል። ከፊት አክሰልና ባሌስትራ መሃል የብረት ቁራጭ ማስገባት ደግሞ በጭራሽ አይደረግም።

ፕራዶና አዲሱ ሃይሉክስ ላይ ሞላው በሾኩ ላይ ተጨምቆ ነው ያለው። ይህን ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ፣ በሽቦ አስሮ የሚፈታ ሰው ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ከሾኩ አናት የሚገባው ርካሽ ማስነሻ ሾኩ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ከውፍረቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ከፍታ ይሰጣል፤ 2 ተኩል ሳንቲ ሜትር ውፍረት ወደ 5 ይጠጋል። ግን አዲስ እንቅስቃሴ አይሰጥህም። ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ርቀት ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ጉድጓድ ላይ «ጠ» እያለ ከጫፍ ይመታል። ለፎቶ ይሆናል፣ ለሽንሌ አይሆንም። ለመንገድ ከሆነ ሙሉ አዲስ ሞላና ሾክ ግዛ፤ ከፍታውም ከ5 አይብለጥ፣ ያለዚያ የአክሰሉ መገጣጠሚያ በተጣመመ ማዕዘን ሲሠራ ላስቲኩ ተቀዶ ግሪሱን ይተፋል።

ቶርሽን ባር ላይ የሚገዛ ነገር የለም፣ ቡሎን ማዞር ነው፣ ስለዚህም ሰው አለመጠን ያዞረዋል። መኪናውን አንስተህ ክብደቱ ከጎማው ላይ ሲወርድ፣ መነሻውን በቀለም ምልክት አድርገህ፣ ሁለቱንም ጎን በእኩል ዙር አዙር። ከ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አትለፍ። ሞላው በዚህ አይጠነክርም፤ መቀመጫው ብቻ ይቀየራል፣ ወደ ታች የቀረው ርቀት ስላነሰ ነው የሚያንገጫግጨው።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ነገር፦ የላስቲክ ቡሽ ያላቸውን ቡሎኖች መኪናው አየር ላይ እያለ አታጥብቅ። ጎማ ግጠም፣ አውርድ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ አንቀሳቅስ፣ ከዚያ በጎማው ቆሞ ሳለ አጥብቅ። አየር ላይ የጠበቀ ቡሽ መኪናው ሲወርድ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ መኪናውን ያደርቀዋል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ላስቲክ ቡሽ ግሪስ አይቀባም፣ ግሪስ ላስቲክን ይበላል።

ደረጃ 7፦ ጋራዡ የሚረሳቸው

የኔ ደንገጎ ላይ የደረሰው ከዚህ የመጣ ነው። አዛውንቱ ካቻቢቴ አንስተው አቧራው ላይ አክሰል ሣሉ፣ ከአክሰሉ ወደ ኋላ ክንድ። «ድሬ ያደገ ልጅ ብስክሌት እጁን ለቆ ነድቷል፤ ለምን አልወደቅክም?» አሉኝ። የብስክሌቱ ሹካ ወደ ፊት ዘንበል ስላለ ጎማው መሪውን ራሱ ይመልሰዋል። መኪናም ላይ ያ ዝንባሌ አለ፣ ካስተር ይባላል። አካሉ ከፍ ሲል ክንዱ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ አክሰሉንም ያዞረዋል፣ ዝንባሌው ይቀንሳል፣ መሪው ወደ መሃል መመለስ ያቆማል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ የካስተር ቡሽ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካደረግክ ከሞላው ጋር አብረህ ግዛው።

ከዚያ አክሰሉን ከሻሲው ጋር የሚያገናኘው አግዳሚ ባር አለ። አካሉ ከፍ ሲል ባሩ ስለሚዘቀዝቅ አክሰሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ከኋላ ቆመህ ግራና ቀኝ ጎማ ከፓራፋንጎው እኩል መውጣቱን እይ። ልዩነቱ ከታየህ ርዝመቱ የሚስተካከል ባር ያስፈልጋል።

የፍሬኑ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ብዙዎቹ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች ከኋላ አክሰል ወደ ሻሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አላቸው፤ መኪናው ሲጫን የኋላውን ፍሬን የሚጨምር፣ ባዶ ሲሆን የሚቀንስ መሣሪያ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ይህ መሣሪያ «ባዶ ነኝ» ብሎ ይታለልና የኋላ ፍሬኑን ይነፍግሃል። የዘንጉ መያዣ በጨመርከው ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት።

የቀረው ፈጣን ነው። መሪውን እስከ ዳር አዙረህ ጎማው የትም እንዳይነካ፣ ቱቦ እንዳይወጠር እይ። የትራንስሚሲዮን ዘንጉ ክሮቸራ (ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ላይ ንዝረት ካለ ማዕዘኑ በዝቷል። ካምበር (የጎማውን ወደ ጎን መዘንበል) እና ካስተር በማሽን አስለካ፣ የታተመውን ወረቀት ጠይቅ። መብራትህን ዝቅ አድርግ፤ ካለዚያ በሌሊት ከአወዳይ የሚመጣውን ሁሉ ታሳውራለህ። ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄድ ጥያቄ እንዳይነሳ ደግሞ ከመግጠምህ በፊት የመርማሪዎቹን ቢሮ ጠይቅ፤ ቦሎ የተከለከለ ሞላ የሚመልስልህ ሻጭ የለም።

ደረጃ 8፦ ሞክር፣ እንደገና አጥብቅ

በመጀመሪያው ቀን ደንገጎ አትውጣ። ሰው የሌለበት ደልዳላ ቦታ ላይ በ20፣ ከዚያ በ40 ፍሬን ያዝ፤ ወደ ጎን ይጎትታል? መሪውን ትንሽ አጥፈህ ልቀቅ፤ ይመለሳል? ከዚያ ጠጠር ላይ ውጣ፣ ሾኮቹን በእጅህ ጀርባ ንካ፤ አራቱም መሞቅ አለባቸው።

በ500 ኪሎ ሜትር ሁሉንም ቡሎን፣ በተለይ የዩ ቅርጾቹን፣ እንደገና አስጠብቅ። አዲስ ባሌስትራ ሲረጋጋ እነሱ ይላላሉ። ሞላም በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይወርዳል፣ አትደንግጥ፤ አላይመንቱን፣ ያን የማሽን ልኬት፣ ከዚያ በኋላ ድገመው።

ከዚያ ዳሽቦርድ ውስጥ ያስቀመጥከውን ወረቀት አውጣ፣ በደረጃ 2 እንዳደረግከው ነዳጅ ሞልተህ፣ ያንኑ ጭነት ጭነህ አራቱንም ጎማ እንደገና ለካ። የኔዋ ሁለተኛውን ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ቆማለች፣ ግራና ቀኟ እኩል። ከመጀመሪያው 10 ከግማሽ በላይ ዝቅ ብላ፣ ያ ጋራዥ ከገጠመው ይልቅ ዛሬ የማልነካው ድንጋይ ይበዛል።